አፍሪዬ መሳቢያዋ ውስጥ ምን ደበቀች?

ዎፋ ኳቤና ሳርፖንግ ሰው ማመን አይሆንለትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የልደት ካርድ ሲገለብጥ የኖረ ሰው ማንን ይመን? ከኩማሲ ወጣ ብላ ባለችው ከተማ፣ በልደት ምዝገባ ቢሮ ውስጥ፣ አባት የልጁን ዓመት ይዋሻል፣ አዋላጅ ቀን ትስታለች፣ ጸሐፊውም እያንቀላፋ ይጽፋል። እሱ የሚያምነው ሰው በተወለደበት ቀን የሚወጣለትን የቀን ስም፣ የነፍስ ስም የሚሉትን፣ ብቻ ነው። እሑድ የተወለደ ወንድ ኳሲ፣ ረቡዕ የተወለደ ኳኩ፣ እሱ ራሱ ማክሰኞ ስለተወለደ ኳቤና። "ወረቀት ይዋሻል፣ የነፍስ ስም አይዋሽም" ይላል። እያንዳንዱን ካርድ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ያመሳክራል፤ ስሙና ቀኑ ካልገጠሙ፣ ቀኑን በቀይ ሰርዞ ስሙ ወደሚለው ቀን ይገፋዋል። ቢሮው በሙሉ "ዎፋ"፣ የእናት ወንድም፣ እያለ የሚያከብረው ለዚህ ጥንቃቄው ነው።

ካርዶቹ ኮምፒዩተር ውስጥ ይግቡ ሲባል አፍሪዬ የምትባል ወጣት ለስድስት ወር በኮንትራት መጣች። መጀመሪያ እሷም እሱም በቀን ስልሳ ስልሳ ካርድ ያስገቡ ነበር። በአራተኛው ወር አፍሪዬ መቶ አርባ ደረሰች። ዎፋ እዚያው ስልሳው ላይ ቀረ።

ጣቷ አልፈጠነም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ያያታል። አምሽታ ሠርታ ነው እንዳይባል ከእሱ ቀድማ ትወጣለች። ታዲያ ከየት አመጣችው?

"አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽበት ነው?" አላት አንድ ቀን፣ የሚቀልድ መስሎ።

"ምንም ዎፋ፣ መጀመሪያ እለያቸዋለሁ።"

"ትለዪያቸዋለሽ ወይስ እየዘለልሽ ታልፊያቸዋለሽ?"

"እርስዎ ደግሞ! ቀኑብኝ እንዴ?"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዐይነ ቁራኛ ይጠብቃት ጀመር። በየቀኑ አራት አምስት ካርድ መሳቢያዋ ውስጥ ከትታ ትቆልፋለች። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ስልኳን ይዛ ከቢሮው ጀርባ ትሄዳለች። ከማን ጋር ነው የምታወራው? የኳስ ተጫዋቾችን ዕድሜ ከሚያስቀንስ ደላላ ጋር ቢሆንስ? ዎፋ ነገሩን ባመነዠከው ቁጥር እውነት እየመሰለው ሄደ።

ኮንትራቷ አርብ ያልቃል። የቢሮው ኃላፊ ማዳም ግላዲስ "የእርስዎ ቃል ነው የሚወስነው፤ ይገባታል ካሉ በቋሚነት እቀጥራታለሁ" ብላዋለች። አፍሪዬ ሁለት ታናናሾቿን በዚህ ደመወዝ እንደምታሳድግ ዎፋ ያውቃል። ቢሆንም ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ማዳምን ጠርቶ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አፍሪዬ ፊት ቆመ። እሷ ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅል በተጠበሰ ዓሣ እየበላች ነበር።

"መሳቢያሽን ክፈቺ።"

እጇን ጠረገች። "ዎፋ፣ ብቻችንን ብንነጋገር አይሻልም?"

"ይኸውላችሁ! ክፈቺ አልኩሽ!"

ከፈተችው። ወደ አርባ ካርድ ይሆናል። ዎፋ ከላይ ያለውን አነሳና ከፍ አደረገው። "አርብ ተወልዶ ኳኩ! አላልኳችሁም? አታመሳክርም!"

"አመሳክራለሁ" አለች አፍሪዬ። "ጠዋት ካርዶቹን በየቤተሰቡ እደረድራለሁ። የአንድ ቤት ልጆች አባት፣ እናትና መንደር አንድ ስለሆነ አንዴ ጽፌ ስምና ቀን ብቻ እቀይራለሁ። ግራ የገባኝን ካርድ ሙጥኝ አልልም፤ ነጥዬ አስቀምጥና ምሳ ሰዓት ለየቤቱ ሽማግሌ እደውላለሁ። አብዛኞቹ በአያታቸው ስም የተጠሩ ናቸው። አያቱ ኳኩ ከነበሩ ልጁ አርብም ቢወለድ ኳኩ ይባላል። ዎፋ ይህን አጥተውት ነው?"

አላጣውም። ግን ልጁን ቤት ውስጥ የፈለጉትን ቢጠሩትም ቢሮ ሲመጡ የነፍስ ስሙን ይናገራሉ ብሎ ነበር የኖረው።

"ታዲያ ብቻችንን ያልሽው ምን ፈርተሽ ነው?" አለች ማዳም።

 ከታች በአግራፍ የተያያዙ ሁለት ካርዶች ነበሩ፤ አፍሪዬ ልትሸፍናቸው ስትል ዎፋ ቀደማት። መንትዮች ናቸው፤ አንዲት እናት፣ አንዲት አዋላጅ። ኳሲ አታ ካክራ፣ ታናሹ መንታ፣ እሑድ። ኳኩ አታ ፓኒን፣ ታላቁ መንታ፣ ታሞ ስለነበር ከወራት በኋላ የተመዘገበው፣ እሱም እሑድ። የታላቁ እሑድ በቀይ ተሰርዞ "ረቡዕ" ተብሏል። ከሥሩ የኳቤና ሳርፖንግ ፊርማ አለ።

ማዳም አንገቷን አስግጋ አነበበች። "ታላቁ ከታናሹ ሦስት ቀን ዘግይቶ?"

"ምስኪን እናት! ከእሑድ እስከ ረቡዕ አማጠች?" አለ ከጥግ አንዱ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። አፍሪዬ ብቻ አልሳቀችም።

ዎፋ አፈረ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ስንት ቀይ መስመር! ማዳም "እንግዲህ የእሷን ነገር ምን ይላሉ?" ስትለው፣ አንዲት ክፉ ሐሳብ ሽው አለችበት፦ ልጅቷ ከሄደች ካርዶቹም ይረሳሉ። በራሱ ደነገጠ።

"ትቀጠር" አለና የቅጥር ወረቀቷ ላይ ፈረመ። ከዚያ ወደ አፍሪዬ ዞሮ "የመንትዮቹ አባት ስልክ አለሽ?" አላት።

ደውላ ሰጠችው። ዎፋ የራሱን ስም ተናግሮ፣ ልጆቹ የተወለዱበትን ቀን ጠየቀ።

"ሁለቱም እሑድ ነው፣ ዎፋ" አለ አባትየው። "ትምህርት ቤቱ ግን በወረቀቱ አይቶ መንታ አይደሉም ብሎ ለያይቶ መዘገባቸው። እናታቸው ካልከሰስኩ ብላ ነበር። እኔ ነኝ ያስቆምኳት፤ የጻፉት እኮ ዎፋ ኳቤና ናቸው፣ እሳቸው አይሳሳቱም፣ የተሳሳትነው እኛ ነን አልኳት።"