የአስታ ሥር ፒፓዎች

ሞጣ ገበያው አጠገብ ካለ አንድ አናጢ ቤት ቁም ሣጥን ላሠራ ገብቼ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ውዬ ወገቤ ተቆርጧል፤ የምፈልገው ቶሎ ተስማምቼ ቤቴ መግባት ብቻ ነበር። አናጢው ቫርኒሹ ገና ያልደረቀ፣ መልክ የሚያሳይ ቁም ሣጥን አቁሞ ስለ ጥራቱ ያስረዳኛል። አንደኛው መሳቢያ አልከፈት ሲለው ከመስኮቱ ላይ ቁራጭ ጧፍ አነሣና ጠርዙን ደጋግሞ ፈተገው። የሰም ሽታ ከእንጨቱ ላይ ሞቅ ብሎ ተነሣ፤ እኔም የሚለውን መስማት ተውኩ። ሳላስበው አውራ ጣቴ የቁም ሣጥኑን በር ይዳብስ ጀመር፤ ከቫርኒሹ ሥር በስቱኮ የተደፈነ ጉድፍ አገኘሁ። ለአናጢው አልነገርኩትም። ለመከራከር አቅም አልነበረኝም።

እንጨት በጣት መዳበስን ያስለመዱኝ የቢቸናው ጎረቤታችን ጋሽ ስማቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ ግሬደር ሲነዱ ኖረው፣ ደርግ በወደቀ ሰሞን ጡረታ ወጥተው ከእኛ አጥር አጠገብ ጎጆ ቀለሱ። ባለቤታቸው እትዬ ውባለም የክርስትና እናቴ ስለሆኑ ቤታቸው ለእኔ ሁለተኛ ቤቴ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ጋሽ ስማቸው ትሑት፣ ለቅሶ የማይቀሩ፣ ዕድር የማያጓድሉ ሰው ነበሩ፤ ከሰፈሩ ሰው የሚለያቸው የትምባሆ ፒፓቸው ብቻ ነው። የእኛ አገር ሰው ጠጅ ቤት ውሎ እየተወላገደ የሚመጣውን "ምን ያድርግ፣ ብሶት ነው" ብሎ ያልፈዋል፤ ከአፉ ጭስ የሚወጣውን ግን ልጆቹ እንኳ እንዳያዩት በሌላ መንገድ ይወስዳቸዋል።

ፒፓዎቹ የሚኖሩት አልጋቸው ሥር በነበረ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ተጠቅልለው ነው። የመጀመሪያውን የሰጧቸው አብረዋቸው መንገድ የሠሩ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ናቸው፤ የቀሩትን ከመርካቶ አሮጌ ዕቃ ተራ እየለቀሙ፣ ለሾፌር ጓደኞቻቸውም አደራ እያሉ አጠራቀሟቸው። የሚያጨሱት አንዱን ብቻ ነበር፤ እሱንም ከሰዓት በኋላ፣ ባትሪው የደከመ ራዲዮናቸው በረንዳው ላይ እያጉረመረመ። የተረፈውን ጊዜ የሚያሳልፉት በመወልወል ነው። ሰሙን በጣታቸው አሙቀው ይቀባሉ፣ ከዚያ እንጨቱ እስኪሞቅ ድረስ በጨርቅ ያሹታል።

ጥሩ ፒፓ ቫርኒሽ አያስፈልገውም ይሉኝ ነበር። ቫርኒሽ የተቀባው ሲገዙት ያምራል፤ እሳት ሲገባበት ግን አረፋ እያወጣ ይላጣል። ደህናው ሰም ብቻ ይበቃዋል፤ በሰው እጅ ወዝ እየጠቆረ፣ እየቆየ ያምራል። ጉድፍ የሌለው እንጨት ብርቅ ስለሆነ ርካሹን የሚሠሩት ጉድፉን በስቱኮ ደፍነው ቀለም ያለብሱታል፤ ውሎ አድሮ ስቱኮው ነጥቶ ይጋለጣል። ትምባሆ የሚሞላበት ጭንቅላቱና መምጠጫው የሚገጥሙበትን ቦታ በጥፍሬ እንድሞክረው ይሰጡኛል። በደህናው ላይ ጥፍሬ ምንም ሳይይዘው ያልፋል፣ በርካሹ ላይ ይደናቀፋል። ከነጭ ለስላሳ ድንጋይ የተፈለፈለም አንድ ነበራቸው፤ ለዓመታት ጭስ እየጠጣ ከታች ወደ ላይ የማር መልክ እየያዘ የሄደ። እሱን መንካት ለእኔ ክልክል ነበር።

የሚኮሩት ግን ራሳቸው በሠሯቸው ነው። መሐንዲሱ አንድ ቀን የጮቄን ተራራ ሲያቋርጡ አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ አይተው፣ በአገራቸው ምርጡ ፒፓ የሚሠራው ከዚሁ ዛፍ ሥር እንደሆነ ነግረዋቸው ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ስማቸው ዕረፍት አላገኙም። ከደጋ ለገበያ የሚወርዱ ሰዎችን እየለመኑ፣ ከግንዱ ሥር አፈር ውስጥ የሚያብጠውን፣ የሰው ራስ የሚያህለውን ጉቶ ያስመጣሉ። ጉቶውን በጎላ ድስት ቀኑን ሙሉ ይቀቅሉታል፤ ከዚያ ጥላ ቦታ አስቀምጠው ዓመት ይጠብቁታል። ሳይቀቀል ወይም ተጣድፎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። እትዬ ውባለም ጎላቸው በተወሰደ ቁጥር "የሰው ባል በሬ ይጥላል፣ የእኔ ባል ጉቶ ይቀቅላል" እያሉ ይስቁ ነበር።

እትዬ ውባለም ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳይሞቱ መቁረብ። የተጋቡት በሰማንያ ነው እንጂ በቁርባን አይደለም። እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት በዕድሜ ሲገፉ ንስሐ ገብተው አብረው ይቆርባሉ፤ ባል እያለ ሚስት ብቻዋን አትቆርብም። ጓደኞቻቸው ሁሉ አንድ በአንድ ቆርበው፣ እሳቸው ቅዳሴው ሲያልቅ ከውጭ ቆመው የሌላውን ሰው ደስታ እያዩ ይመለሱ ነበር። የንስሐ አባታቸው መምሬ ሞላ ክፉ ሰው አልነበሩም። ማጨስ መተው ብቻ ግን አይበቃም አሉ፤ ያ ሣጥን ከቤት ካልወጣ ከልብም አልወጣም። ጋሽ ስማቸው ማጨሱን በዚያው ሰሞን ተዉ፤ ሣጥኑን ግን ዛሬ ነገ እያሉ ዓመታት አለፉ። የእትዬ ውባለም እግር እያበጠ፣ ትንፋሻቸው እያጠረ ሄደ። ልመናው ያለቀባቸው ይመስለኛል፤ ወደኋላ ላይ ማንሣቱንም ትተውት ነበር። ጋሽ ስማቸውን ያሸነፋቸው የሚስታቸው ዝምታ ነው።

መጀመሪያ ያሰቡት የፒፓዎቹን ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ለመስጠት ነበር። ሞጣ የሚኖር፣ ድሮ አብሯቸው ሲያጨስ የነበረ መካኒክ ነበራቸውና ሣጥኑን በጆንያ ሸፍነው በአውቶቡስ ሄዱ። መካኒኩ ለካ እሱም ከሚስቱ ጋር ቆርቦ ኖሯል፤ ጆንያው ከደጁ እንዳይገባ ለመናቸው። ማታውን አቧራ ለብሰው፣ ጆንያውን እንደ ተሸከሙ ሲመለሱ ደጃፋችን ላይ ነበርኩ። "አልወሰደውም?" ብላ እናቴ ጠየቀቻቸው። "ማን ይወስዳል" አሉና አለፉ።

በማግስቱ ግቢያቸው ውስጥ እሳት አንድደው ሁሉንም ጨመሯቸው። እኔም ከእናቴና ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር ቆሜ አየሁ። ቫርኒሽ የተቀቡት ወዲያው ቦግ አሉ፤ ሽታቸው ዓይን ያስለቅሳል። ነጩ ድንጋይ ጧ ብሎ ፈነዳ። ከአስታው ሥር የተሠሩት ግን ነበልባሉ ሲልሳቸው ቆይቶ፣ እሳቱ ሲከስም አመዱ መሐል ጥላሸት ብቻ ለብሰው፣ ቅርጻቸው ሳይጓደል ተገኙ። አንዲት ጎረቤት አማተቡ። ሌላዋ "እሳት የማይደፍረው ምን ቢኖርበት ነው?" አሉ በቀስታ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ የስማቸው ፒፓ ላይ የተቀመጠው ጋኔን እሳቱን አሸነፈው ተባለ።

በነጋታው መምሬ ሞላ ጠበል ይዘው መጡ። ጋሽ ስማቸው ጋኔን እንደሌለበት፣ እሳት የማይነካው አስታ ስለሆነ ብቻ እንደሆነ አስረዷቸው። ነገሩ የባሰው ያኔ ነው። መምሬ ሞላ የጮቄ ልጅ ናቸው፤ በአስታ ጭራሮ እየሞቁ ነው ያደጉት። "አስታ የእናቴ ማገዶ ነው" አሉ፤ "የማይነድ አስታ አይቼ አላውቅም።" ቅርንጫፉ እንደሚነድ፣ የሥሩ እብጠት ግን ሌላ ጠባይ እንዳለው ጋሽ ስማቸው ሊነግሯቸው ጀምረው መሐል ላይ አቋረጡት። ማገዶ ጨምረው እንደገና ቢያነዱት በመጨረሻ አመድ መሆኑ አይቀርም ነበር። ሰው ግን አንዴ አይቶ ፈርዷል። መምሬ ሞላ ቤቱ ጠበል ተረጭቶ፣ ነገሩ እስኪጠራ ቁርባኑ ይቆይ አሉ። እትዬ ውባለም ነጭ ቀሚሳቸውን አጥበው አጥር ላይ አስጥተውት ነበር። በሩ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከእሱ አላነሡም።

ጋሽ ስማቸው ገብተው መዶሻ ይዘው ወጡ። ፒፓዎቹን እንጨት መፍለጫው ጉቶ ላይ እያስቀመጡ መምሬ ሞላ ፊት ይመቷቸው ጀመር። አንዱም ሁለተኛ ምት አልፈለገም። የእያንዳንዱን የእንጨት መስመር ያውቁታልና ከየት ቢመታ እንደሚከፈል አልጠፋቸውም። መጨረሻ የቀረው ራሳቸው ከሠሯቸው ሁሉ የሚወዱት ነበር። መስመሩ ዙሪያውን ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ አንድ ጉድፍ የሌለበት፤ እንዲህ ያለ ሥር ዳግመኛ አላገኘሁም ይሉ ነበር። ጉቶው ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት ጥላሸቱን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት፤ መስመሩ ከሥሩ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ መዶሻውን ማንሣት አቃታቸው። ያዙት ብቻ። መምሬ ሞላም አላጣደፏቸውም፤ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

እትዬ ውባለም ከተቀመጡበት፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣

"ይተዉት በቃ። ቁርባኑ ይቅርብኝ" አሉ።

ጋሽ ስማቸው ዘወር ብለው አዩዋቸው። ለረጅም ጊዜ ያዩዋቸው መሰለኝ። ከዚያ ፒፓውን ጉቶው ላይ አስቀምጠው መቱት። በመጀመሪያው ምት አልተከፈለም፤ ደገሙት።

በሚቀጥለው ፍልሰታ አብረው ቆረቡ። እትዬ ውባለም በሰው ትከሻ ተደግፈው ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ በሌላ ሰው ፊት ላይ አላየሁም። ከዚያም ጥቂት ዓመታት ኖረው፣ ቆራቢ በመሆናቸው በክብር ተቀበሩ። ጋሽ ስማቸው ብቻቸውን ቀሩ። እኔ ተምሬ ሞጣ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ቢቸና በሄድኩ ቁጥር በረንዳቸው ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው አገኛቸው ነበር። ከእንጨት ጋር ያላቸው ነገር አብቅቷል፤ የተሰበረ በርጩማቸውን እንኳ የሚጠግነው ሌላ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ደፍሬ፣ የመጨረሻውን በመስበራቸው ይቆጫቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"እሷ 'ይቅርብኝ' ባትል ኖሮ አልሰብረውም ነበር፣ ልጄ" አሉኝ። "ስትለው ሰምተሻል አይደል?"

ሰምቻለሁ አልኳቸው።

ሲያርፉ ቤቱን ዘመዶቻቸው ወሰዱት። ማስታወሻ ብዬ የማነሣው ዕቃ አልነበረም። የቀረኝ የእንጨት ጉድፍ የሚያገኝ አውራ ጣትና ያቺ የእትዬ ውባለም ቃል ናት። ባለቤቴ ባሕር ዳር፣ እኔ ሞጣ ስንኖር አምስተኛ ዓመታችን ነው። ማን ሥራውን ለቆ ማን ጋ ይምጣ እያልን በየእሑዱ በስልክ እንከራከራለን፤ እሱም የእሱን ምክንያት፣ እኔም የእኔን ምክንያት በደንብ እናውቃለን። ደክሞናል። እስካሁን ግን ከሁለታችን "ይቅርብኝ" ያለ የለም።