በሚስቴ ደረት ላይ የተሰመሩት መስመሮች

ቅናተኛ ነኝ። መርሳ ከተማ ውስጥ ጋራዤን የሚያውቅ ሁሉ ይህንንም ያውቃል። ሚስቴ በጡት ካንሰር ታማ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ግን የቀናሁት በወንድ ብቻ አይደለም፤ በገዛ እህቷም ቀናሁ።

የጨረር ሕክምና ለመውሰድ አዲስ አበባ ሳምንታት መቀመጥ ነበረባት። እኔ ከልጆቹና ከጋራዡ ጋር ቀረሁ፤ እህቷ አብራት ሄደች። ስደውል ሁለቱ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። «ምን ያስቃችኋል?» ስላት «ተወው፣ እዚህ ያለ ሰው ካልሆነ አይገባውም» አለችኝ። ደሜ ፈላ።

ለፋሲካ ሕክምናው ለጥቂት ቀን ሲቋረጥ ሁለቱም መጡ። ሚስቴን ልብሷን ስትቀይር አየኋት። የደረቷ ቆዳ ጠቁሯል፤ በላዩም በቀለም የተሰመሩ መስመሮች አሉ።

«ማነው እንዲህ የጻፈብሽ?»

«የጨረር ክፍሎቹ ናቸዋ» አለች እህቷ ቀድማ። «ጨረሩ በልኩ እንዲያርፍ ነው፣ ጋሼ። ጤነኛውን ሳንባዋንና ልቧን እንዳይጎዳባት። ስትታጠብ እንዳይለቅ የምጠነቀቅላት እኔ ነኝ።»

የምጠነቀቅላት እኔ ነኝ! ሁለት ልጅ የወለደችልኝን ሚስቴን! መስመሩን ያሰመረው ጎረምሳ ይሁን ሽማግሌ ልጠይቅ አስቤ አፈርኩ።

እኛ ቤት የታመመ ሰው በቅቤ ይታሻል። ቀዳም ሥዑር ጠዋት ግራና ገበያ ሄጄ ለጋ ቅቤ ገዛሁ። በማግስቱ እህቷ ዘመድ ልትጠይቅ ስትወጣ ሚስቴን «ጀርባሽን ልሽልሽ» አልኳት።

«ወደ ደረቴ እንዳታደርስ፤ እዚያ ምንም አትቀቢ ብለውኛል» አለችና እንቅልፍ ወሰዳት።

ከጀርባዋ ወደ ጎኗ ስዞር መስመሩ ታየኝ። ረስቼ አይደለም። የሌላ ሰው እጅ ያረፈበት ሆኖ ታየኝና ቅቤ በነካው ጨርቅ ጠረግኩት። ሲለቅ ደስ አለኝ።

እህቷ ተመልሳ ስታየው መሬት ላይ ዘጭ አለች። «እንደገና እስኪለካ እኮ ሕክምናው ይቆማል፣ ጋሼ!»

ሚስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እኔ አዲስ አበባ የሄድኩት ልጆቼን ላሳድግ ብዬ ነው» አለች።

ልጆቹን እናቴ ዘንድ ትቼ፣ ጋራዡን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። መስመሩን ላሰመረችው ባለሙያ ጥፋቴን የነገርኳት ራሴ ነኝ። አዎ፣ ሴት ነበረች፤ ያውም እናቴን የምታክል። ተቆጣችኝ። እንደገና ተለክታ እስኪሰመርላት ቀናት ባከኑ።

ሕክምናው ሲቀጥል ዛሬስ አጠገቧ የምቆመው እኔ ነኝ ብዬ ቀድሜ ተነሳሁ። ባለሙያዋ ሚስቴን አስተኝታ ወጣችና ከባዱን በር ዘጋችው።

«ማን አብሯት አለ?»

«ማንም። ጨረር ለጤነኛ ሰው ጉዳት ነው፤ ሁላችንም እንወጣለን። በካሜራ ነው የምናያት።»

እህቷ በሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። «በየቀኑ እዚህ ነው የምቀመጠው፣ ጋሼ» አለችኝ። ያን ሁሉ ሳምንት የቀናሁት በዚህች ወንበር ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በሩ ሲከፈት ሁለታችንም ብድግ አልን። ሚስቴ እጇን የዘረጋችው ለእህቷ ነው። ቀናሁ። ቦርሳዋን ይዤ ከኋላ ተከተልኳቸው።