ለፈተናው የተተወው ጠብታ

መርዳሳ በናዝሬት ባቡር ጣቢያ ጭነት ሲያወርድ ኖሮ ትከሻው የጎበጠ፣ አንገቱን ግን ለማንም የማይደፋ ሰው ነበር። አንገቱን የሚያስደፋው የደመወዝ ቀን ብቻ ነበር። መጻፍ ስለማይችል የጣቢያው ጸሐፊ በሰው ፊት «ጣትህን አምጣ» ብሎ አውራ ጣቱን ቀለም ሲያስነክረው ምድር ብትውጠው ይመርጥ ነበር።

ስለዚህ ቀበሌው መሠረተ ትምህርት ሲከፍት ቀድሞ ተመዘገበ። ሚስቱን ጫልቱንም ይዟት ገባ። እሷ ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ እሱ ሥራ ላይ እንኳ በየጆንያው ላይ የተጻፈውን ፊደል እየቆጠረ ያነብ ጀመር፤ ቃል ሲጠፋት የምትጠይቀውም እሱን ነበር።

ፈተናው ሲቃረብ ቀኝ ዓይኑ ቀላ፤ ብርሃን እንደ መርፌ ወጋው። ግራውን በልጅነቱ፣ በትውልድ መንደሩ ቡልቡላ ሳለ፣ የግራር እሾህ አጥፍቶበታል። የቀረው ይኸው አንድ ዓይን ነው።

ሐኪም ቤት ሲሄድ ሐኪሟ በመሣሪያ አይታ ዓይኑ ከውስጥ መቆጣቱን ነገረችው። ሁለት ጠብታም ሰጠችው፤ አንዱ ቁጣውን የሚያበርድ፣ ሌላው ብሌኑ ጠቦ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር እንዳይጣበቅ የሚያሰፋው። ይኸኛው ለጊዜው ንባብ እንደሚያደበዝዝበት፣ ቢሻለው እንኳ እሷ ሳትነግረው አንዱንም እንዳያቋርጥ አስጠነቀቀችው።

ሕመሙ በረደ። ፊደሉ ግን ጭጋግ ውስጥ ገባ። መርዳሳ ብልቃጦቹን አልጋ ሥር ወሸቃቸው። ጫልቱ አገኘቻቸው።

«ምነው፣ ዳንክ እንዴ?»

«ፈተናው ይለፍና እቀጥላለሁ።»

«ፈተናው ለከርሞም አለ። ሌላ ዓይን ከየት ልታመጣ ነው?»

«እስከ ከርሞ ጣቴን ለዚያ ሰውዬ አልሰጥም» አላት።

ጭጋጉ ለቀቀው፤ ፈተናውንም አለፈ። በደመወዝ ቀን ብዕሩን ከጸሐፊው እጅ ተቀብሎ ስሙን እስከነአባቱ ጻፈ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየው።

ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ብሶ ተመለሰ። ጫልቱ ሐኪም ቤት ሂድ ብትለው ለሐኪሟ ምን እላታለሁ ብሎ አመነታ። በመጨረሻ እጁን ይዛ ወሰደችው።

«ጓድ መርዳሳ፣ ጠብታውን ለምን ተዉት?» አለች ሐኪሟ።

ዳግም በመሣሪያ አየችው። ብሌኑ ተጣብቆ፣ የዓይኑ ግፊት ጨምሮ ነበር። ቁጣውን አበረደችለት፤ የተጎዳውን ግን መመለስ አልቻለችም። ከዚያ ወዲህ የሰው ቁመና ይለያል፤ ፊደል አይለይም።

ጫልቱ ትምህርቷን ገፋችበት። አሁን ማታ ማታ ጋዜጣ የምታነብለት እሷ ናት። ቃል ሲያስቸግራት ልማድ ሆኖባት ጋዜጣውን ወደ እሱ ትዘረጋለች። እሱም ይቀበላትና ፊቱ ድረስ ያስጠጋዋል። ከዚያ መልሶ ይሰጣታል።

«ዝለዪው» ይላታል።