ጠበል ላይ የቀረው ድምፅ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ብዙ ሰው ቆሞ አይቶታል። እዚያ ከነበርነው ምን እንደሆነ ያወቅነው ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ ከአእምሮዬ ያልወጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

የምኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ጓሮ ያለውን ሰርቪስ ቤት አከራያለሁ። ተከራዬ ናትናኤል የሚባል የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ጉርድ ሾላ ኮምፒውተር ይጠግናል። ከሥራ ሲወጣና ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ሙዚቃ ይሠራ ነበር። ሄቪ ሜታል ይሉታል። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ከበሮው ዕረፍት አያውቅም፤ ዘፋኙ ደግሞ አይዘፍንም፣ ያጓራል። ዘፋኙ ናትናኤል ነበር።

ልጁ ዝምተኛ ነው። “ደህና አደሩ” ሲለኝ እንኳ በቅጡ አይሰማኝም። ያን ድምፅ ከየት እንደሚያወጣው አንድ ቀን ጠየቅሁት።

“ከሆድ ነው እማማ። ከጉሮሮ ከሆነ ይጎዳል። ተምሬው ነው” አለኝና እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ አጓራልኝ። ድመቴ አልጋ ሥር ገባች።

የመጀመሪያውን አልበማቸውን ኢንተርኔት ላይ አውጥተውት ሰሚ አላገኘም። አልከፋቸውም። “በመጀመሪያው ተማርን፤ የሙዚቃ ባንድ የሚለየው በሁለተኛው ነው” ይሉ ነበር። ለሁለተኛው ዓመታት ደከሙ። የክፍሉን ግድግዳ በስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን ለበጡት። የመሣሪያው ተቀድቶ አልቆ የናትናኤል ድምፅ ብቻ ቀርቶ ነበር። ግጥሞቹን ሰጥቶኝ አንብቤያቸዋለሁ። አባቱ ታሞ ስለሞተበት ክረምት ነው የሚያወሩት። ክፉ ነገር የለባቸውም።

እናቱ ወይዘሮ ዘነበች ሳይነግሩት መጡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። የያዙትን ዘንቢል ሳያስቀምጡ ያ ድምፅ ከጓሮ መጣ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ናትናኤል ነው። ሙዚቃ እየሠራ ነው” አልኳቸው።

“ልጄን አላውቀውም እንዴ! ይሄ የልጄ ድምፅ አይደለም” አሉ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

ናትናኤል ወጥቶ ለማስረዳት ሞከረ። ላፕቶፑን ከፍቶ ሲያሰማቸው ጭራሽ ባሰ። “ዕቃው ውስጥም ገብቷል!” ብለው አማተቡ። ከበሮ መቺው ቢኒ ሳቁ አመለጠው፤ ናትናኤል ገላመጠው። ወይዘሮ ዘነበች በዚያ ቀን እህል አልቀመሱም። “አባትህን በሽታ ወሰደብኝ፤ አንተን ደግሞ ለዚህ አልሰጥም” እያሉ አለቀሱ።

በማግሥቱ ናትናኤል ጠበል ለመጠመቅ እሺ ማለቱን ነገረኝ።

“አልበላችም እኮ እማማ” አለኝ። “ውኃ ነው፤ ምን ያደርገኛል? ደስ ብሏት ትሄዳለች፤ እኛም አልበማችንን እንጨርሳለን።”

እናቱ አገሩን ስለማያውቁት እኔም አብሬያቸው እንጦጦ ወጣሁ። ባሕር ዛፉ መሐል ካሉት ጠበሎች ወደ አንዱ ነው የሄድነው። ይህን ስጽፍ የማላምን እንዳልመስላችሁ፤ ወገቤን ያሻረኝ ጠበል ነው።

የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ካህኑ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አድርገው ውኃውን እያፈሰሱ “ተናገር! ማን ነህ?” ይሉታል። በዙሪያው ያሉት ይጮኻሉ፣ ይወድቃሉ። ናትናኤል እየተንቀጠቀጠ ዝም ይላል። የሚናገረው አልነበረውም።

“ዲዳ መንፈስ ነው። የሚከፋው እሱ ነው” አለች ከወረፋው አንዲት ሴት።

ይህን ከሰሙ በኋላ ወይዘሮ ዘነበች ሌላ ሰው ሆኑ። እስከ ማታ ይጾማሉ። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ደግፈን ስናነሣቸው “እስኪናገር አገሬ አልመለስም። እዚሁ እሞታለሁ” አሉ። ናትናኤል አንዱን ክንዳቸውን እንደያዘ ነበር።

በማግሥቱ ውኃው ሲፈስበት እጁን ሆዱ ላይ ሲያደርግ አየሁት።

ከዚያ ጮኸ። ያን ድምፅ ጓሮዬ ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ሰምቼው አላውቅም። ጋቢያቸውን ተከናንበው የተኙት ሁሉ ተነሡ።

“ትለቃለህ?” አሉት ካህኑ።

“እለቃለሁ!”

“ትመለሳለህ?”

“አልመለስም!”

“ማል!”

ማለ። ከዚያም ወደቀ። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቱ ጭቃው ላይ ተደፍተው መሬቱን ሳሙ። እኔ ብቻ የማደርገው ጠፍቶኝ ቆምኩ። ሲያነሡት ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነው።

ስንመለስ ወይዘሮ ዘነበች ዳቦ ገዝተው እየበሉ፣ ለመንገደኛውም እያካፈሉ ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር። እኔና ናትናኤል ወደ ኋላ ቀረን።

“አሁንስ?” አልኩት።

“አሁንማ ይህን ድምፅ ከሰማች ተመለሰ ትላለች። አትተርፍም።”

“እሳቸው ሲሄዱ ብትጨርሰውስ?”

“በመስቀል ፊት ምያለሁ እማማ።”

“የማለው ማን ነው?” አልኩት።

እርምጃውን አፍጥኖ እናቱ ዘንድ ደረሰ።

ከእንግዲህ አልዘፍንም ሲላቸው ጓደኞቹ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር። “በቃ፣ ጋኔኑን ለምነን እናምጣው!” ይል ነበር ቢኒ። ቆይቶ ነገሩ ሲገባው ተቆጣ። ሌላ ዘፋኝ አምጥተው ሞከሩ፤ አልሆነም። ያለ ድምፅ እናውጣው ተባባሉና በዚያም ተጣሉ። በመጨረሻ ቢኒ ከበሮውን በሚኒባስ ጭኖ ሄደ። እኔ በር ላይ ቆሜ እያለሁ ሳይሰናበተኝ አለፈ። እንደዚያ ያለ ልጅ አልነበረም።

ናትናኤል አሁንም እኔው ዘንድ ነው። ከሥራ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። አንድ እሑድ የተቀዳውን እንዲያሰማኝ ለመንኩት። ጊታሩና ከበሮው መጡ፣ ከፍ አሉ። ከዚያ ድምፁ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ለእሱ ብለው ዝቅ አሉ። የሚገባ የለም። መጨረሻው ድረስ እንዲሁ ነው። ናትናኤል ጥፍሩን እያየ ሰማው። ሲያልቅ ላፕቶፑን ከደነና “ይኸው ነው” አለኝ።

በማንም አልፈርድም። እናት ልጇን አዳነች፤ ልጅ እናቱን አዳነ። በመሐል የጠፋውን የሚጠይቅ የለም፤ አባቱ የሞተበትን ክረምትም ከዚያ ወዲህ አንሥቶ አያውቅም።

ወይዘሮ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውሉልኛል። ሰላምታው እንዳለቀ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኛል፦

“ያ ነገር አልተመለሰበትም አይደል?”

“አልተመለሰም” እላቸዋለሁ።

“እግዚአብሔር ይመስገን” ይላሉ፤ እኔም እንድል ይጠብቃሉ። ለሌላው ሁሉ የምለው ቃል ነው። እዚህ ላይ ግን አይወጣልኝም።