ስድስት አፍንጫ ፍለጋ

ሰኞ፣ ከአዳማ መነሻ

አዲስ አበባ የሥዕል ትምህርት ቤት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር የሰው ፊት አሳሳል ወደቅሁ። መምህሬ ያስረከብኳቸውን ሥዕሎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ «ሰብለ፣ እነዚህ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው እንዴ?» አለኝ። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እውነቱን ነበር። ሁሉም አንድ አፍንጫ ነበራቸው፤ ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ በግራ ጎኑ ጥላ ያለበት። ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። አባቴ አዳማ ውስጥ ታፔላ ይሠራል፤ የፀጉር ቤት፣ የምግብ ቤት፣ የልብስ ሰፊ። ብሩሽ መያዝ የተማርኩት እሱ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ የፀጉር ቤት ታፔላ ላይ ያለውን ጎረምሳ እየገለበጥኩ ነው። ጎረምሳው ከእጄ አልወጣ አለ።

መምህሬ አንድ ዕድል ሰጠኝ። ከማላውቀው አገር ስድስት ሰው በአካል አስቀምጬ እስላለሁ፤ ከፎቶ መገልበጥ የለም። ከዚያ ሥዕሉን ለሌላ ሰው አሳያለሁ። ያ ሰው ሳልነግረው የፊቱን ባለቤት ከለየ፣ የባለቤቱን ስም በእጁ ከሥዕሉ ጀርባ ይጽፍልኛል። በሳምንቱ ሰኞ ስድስቱን ካላመጣሁ ከትምህርት ክፍሉ እሰናበታለሁ። ለአባቴ ስነግረው «አይዞሽ፣ ካልሆነም ሱቁ አለ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር፤ እኔን ግን ከመምህሬ ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝና አንድ ጥቅል ቡናማ ወረቀትና አንድ ሳጥን ነጭ ጠመኔ ሰጠኝ። ወረቀቱ ለፊደል ቅርጽ ማውጫ የሚቆርጠው ነው። አፈርኩ። ከውጭ የመጣ ወፍራም ነጭ ወረቀት ይዤ ስሄድ የታፔላ ወረቀት ምን ያደርግልኛል? እንዳይከፋው ተቀብዬ ቦርሳዬ ሥር ከተትኩት።

አዋሽ

መተሐራ ስንደርስ የበሰቃ ሐይቅ አስፋልቱን ሊልሰው ምንም አልቀረውም። በወዲያ በኩል ጥቁር ድንጋይ እንደ ታረሰ መሬት ተገላብጦ ይታያል። ከዚያ ብዙም ሳንቆይ አዋሽ ገባን። ማረፊያዬ እትዬ ዘይነባ ቤት ነው። የከሚሴ ሰው ናቸው፤ ድሮ አዳማ ጎረቤታችን ነበሩ፣ አሁን መኪና መቆሚያው ፊት ለፊት ምግብ ቤት አላቸው። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ሩዝ በፍየል ሥጋ ቀረበልኝ። የላስቲክ ውኃ አዳማ ከምገዛበት በአሥር ብር ይበልጣል፤ ሙቀቱን ላየ ግን ርካሽ ነው።

ምሳ አልፎ ቤቱ ከሰው ቀለል ሲል እትዬ ዘይነባን አስቀምጬ ሳልኳቸው። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። በልቤ አንዱ አለቀ እያልኩ ሥዕሉን ለአስተናጋጇ አሳየኋት። ራሷን ዘንበል አድርጋ አየችውና፣ «ዘፋኝ ናት? በቴሌቪዥን የማውቃት መሰለኝ» አለች። እትዬ ዘይነባ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ሽንኩርት ይልጣሉ።

እሳቸውም እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው መጡ። «አቆንጅተሽኛል የኔ ማር፣ አላህ ይስጥሽ» አሉ። ደግሞ ጠጋ ብለው አዩና፣ «ግን ይቺ ሴትዮ አልወለደችም።»

አምስት ልጅ የወለዱ፣ ሁለቱን የቀበሩ ሴት ናቸው። እኔ የሳልኩት የፀጉር ቤቱን ጎረምሳ ሻሽ አስሬለት ነው። ከምሽቱ በፊት የድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሁለት ሰው ጨመርኩ፤ ማንም ማንንም አልለየም። ያን ቀን በራሴ ተናድጄ እራት አልበላም አልኩ፤ እትዬ ዘይነባ ግን «አብሽሪ፣ ሆድሽ ምን አጠፋ?» ብለው አበሉኝ።

ማክሰኞ፣ የሚሌ መንገድ

ከአዲስ አበባ የመጣው አውቶቡስ ላይ ቦታ አገኘሁ። የማድረው ሰመራ፣ የእትዬ ዘይነባ ልጅ ሐያት ቤት ነው፤ እዚያ መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች። አጠገቤ አዋሽ ላይ የተሳፈሩ አንድ የአፋር ሽማግሌ ተቀመጡ፤ ነጭ ሽርጥ፣ ጫፉ የተለበጠ ከዘራ፣ በሂና የቀላ ጢም። አባ ሁመድ ይባላሉ፤ ወደ አሳይታ፣ ወደ ቤታቸው ነው የሚሄዱት። ገዋኔ እስክንደርስ የሥዕል ደብተሬን አንድ በአንድ ገልጠው አይተው መለሱልኝ። በስተቀኝ የአየሉ ተራራ ብቻውን ቆሟል፤ የመንገዱን ግራና ቀኝ እሾሃማ ዛፍ ወርሶታል። የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ባለፉ ቁጥር አውቶቡሳችን ይንገጫገጫል።

ሚሌ ለምሳ ቆምን። አባ ሁመድ ከመኪናው እንደወረዱ አንድ ሌላ አፋር አገኙ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ጥላ ውስጥ ገቡና በዝግታ ማውራት ጀመሩ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ዝቅ ባለ ድምፅ «ኢ፣ ኢ» እያለ ይቀበላል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ሾፌራችን ጥሩንባ ነፋ። ንቅንቅ የለም። ደግሞ ነፋ። ረዳቱ ሳቀና፣ «ተወው፣ ዳጉ ይዘዋል፤ ሳይጨርሱ አይመጡም» አለው።

ጨርሰው ሲመጡ ምን ሲያወሩ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ዳጉ ነው ልጄ። ከየት መጣህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደች። አፋር አፋርን ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም። አንቺንም ነገርኩት።»

«እኔን? ምን ብለው?»

«ፊት የምትስል ልጅ መጥታለች። በሽታ የለባትም፣ ሰው አትጎዳም። ስትስል ግን አታይም አልኩት።»

ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። አባ ሁመድ ግን ሊሰድቡኝ አልነበረም፤ የደረቀ ወሬ እንደሚነግር ሰው ቀጠሉ። በዳጉ ትልቁ ነገር ያዩትንና የሰሙትን አለመቀላቀል ነው። ያየኸውን «አየሁ» ትላለህ፤ የሰማኸውን «ሰማሁ» ትላለህ፣ ከማን እንደሰማህም ትጨምራለህ። የቀላቀለ ሰው ይቀጣል፤ በእሱ ወሬ ግመሉን ውኃ ወደሌለበት የነዳ አለና።

«እስኪ ዓይንሽን ጨፍኚ» አሉኝ። «አሁን የኔን ፊት ዳጉ ንገሪኝ።»

ጨፈንኩ። «አፍንጫዎ ቀጥ ያለ...»

«እሱን ከማን ሰማሽው?»

ዓይኔን ገለጥኩ። አፍንጫቸው መሐሉ ላይ ተሰብሮ ወደ ግራ ዘምሟል። ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሠዓሊ ነኝ እያልኩ፣ አላየሁትም። እስከ ሎጊያ ድረስ ደብተሬን አልገለጥኩም። በልቤ እቆጥር ነበር፤ ሾፌሩ ላይ ይሄን አየሁ፣ ረዳቱ ላይ ያንን አየሁ፣ ይሄን ግን ከአባቴ ሰማሁ። ሰመራ ስንለያይ አባ ሁመድ «አሳይታ ነይ፤ አይተሽ ስትመጪ እቀመጥልሻለሁ» አሉኝ።

ረቡዕና ሐሙስ፣ ሰመራ

ሰመራ አዲስ ከተማ ናት፤ ሰፋፊ መንገድ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ባጃጅ፣ ከዚያ ሜዳ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የሚሄደው ባጃጅ ብቻ ነው፤ ሰው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ሐያት ሥራ ከመግባቷ በፊት ገበያ ወሰደችኝና የግመል ወተት ከምትሸጥ ፋጡማ ከምትባል የአፋር ሴት ጋር አገናኘችኝ። ፋጡማ ፈቀደች፤ ግን ገበያዋን አታቆምም።

አፍንጫዋ በዚህ ጊዜ የራሷ ሆነ። ፊቷ ግን አመድ መሰለ። በነጩ ወረቀት ላይ ጥቁረቷን ለማምጣት ከሰል ባሻሸሁ ቁጥር ቆሻሻ ይሆናል፤ ከእጄ የሚንጠባጠበው ላብ ደግሞ ያጨመላልቀዋል። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት የሥዕል ከሰልም ተሰባብሮ አለቀ። ፋጡማ ለሐያት አንድ ነገር አለቻት።

«ምን አለች?»

«ታምሜአለሁ እንዴ ነው የምትለው» አለች ሐያት፣ ሳቋን ይዛ።

ጥላው ሥር ተቀምጬ ጨርቅ ስፈልግ እጄ የአባቴን ጥቅል ነካ። ፈታሁት። ከፋጡማ ጉንጭ አጠገብ ሳደርገው ቀለሙ ከቆዳዋ ብዙም አይርቅም። ወረቀቱ ራሱ ፊት ነው፤ እኔ የሚቀረኝ ጥላውን ማጥቆር፣ ብርሃኑን ማንሳት ብቻ ነው። ከጎን ከሚሸጠው የማገዶ ከሰል ቀጫጭኑን መረጥኩ፤ ያ መንገድ ዳር የወረረው እሾሃማ ዛፍ ከሰል ነው፣ ጠንካራና ጥቁር። ብርሃኑን በአባቴ ጠመኔ አወጣሁ፤ ግንባሯ ላይ፣ ጉንጯ አጥንት ላይ፣ የታችኛው ከንፈሯ ላይ። ጥቁር ሰው የምስለው በማጥቆር ይመስለኝ ነበር። ፋጡማ ከወረቀቱ የወጣችው ብርሃኑን ሳስቀምጥላት ነው።

ሥዕሉን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ የወሎ ልጅ ነው፤ በመስታወት አይቶ፣ «ፋጡማን የት አገኘሻት? ዛሬ ወተቷ ቶሎ አለቀ እንዴ?» አለኝ።

«ማን አልክ?»

«ፋጡማ ናታ። ወላሂ ራሷ ናት።»

ባጃጁን አስቆምኩት። ስሟን ከጀርባው በትልልቅ ፊደል ጻፈልኝ። መንገድ መሐል ቆሜ እንደ ልጅ ዘለልኩ፤ እሱም ምን ነካት ብሎ እስኪጨነቅ። ከዚያ እሱንም ሳልኩት፤ ፋጡማ ለየችው፣ ስሙንም በአፋርኛ በላቲን ፊደል ጻፈች። ሐሙስ የዩኒቨርሲቲ ጥበቃና የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ተጨመሩ። ሁሉንም ከመሳሌ በፊት ያየሁትን ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ወጥ ቤቷ «ሁለት አገጭ አለኝ አልሽ?» ብላ ትንሽ ተቀየመች፤ ባልደረባዋ ግን ከበር ላይ ሆና ነው ያወቀቻት። አራት ሞላ።

ዓርብ፣ አሳይታ

ከሰመራ አሳይታ በሚኒባስ ሄድኩ። ደረቁ ሜዳ አልቆ የአዋሽ ውኃ የሚደርስበት ሲመጣ ዓይን ያርፋል፤ ዘንባባና የበቆሎ ማሳ ይታያል። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ሳዝ ባለ ሻዩ አፋር፣ «አንቺ ነሽ አፍንጫ የምትፈልጊው?» አለኝ። ዳጉ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። «አሁን ማየት ጀምራለች ይላሉ» ብሎ ጨመረ፤ «ሰማሁ እንጂ አላየሁም።»

አባ ሁመድን ከጁምዓ በኋላ ዘንባባ ሥር ሳልኳቸው። ከመምህሬ ፊት እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ሲያልቅ ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። እህታቸው ውኃ ይዘው መጡና ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበሉ። የተሰበረው አፍንጫ ላይ ጣታቸውን አሳረፉና በአፋርኛ አንድ ነገር ተናግረው ሳቁ። አባ ሁመድ ዘወር አሉ።

«ምን አሉ?»

«ይቺን የሰበርኳት እኔ ነኝ አለች» አሉ አባ ሁመድ እያፈሩ። «ልጆች ሆነን፣ በዱላ።»

እህትየው መጻፍ አይችሉም። አውራ ጣታቸውን ከሰሉ ላይ አሽተው ከጀርባው አተሙ። መምህሬ ይቀበለው ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ፤ ግን ሌላ ሰው ይጻፍልኝ ማለት ከአፌ አልወጣም።

እሑድ፣ እንደገና አዋሽ

ቅዳሜ ተመለስኩ፤ እሑድ ጠዋት እትዬ ዘይነባን አስቀመጥኳቸው። ከዓይናቸው ሥር ያለውን መጨማደድ፣ ግራ ቅንድባቸው ውስጥ የገባውን ጠባሳ፣ ከንፈራቸውን አጥብቀው የሚይዙበትን አየሁ። ያየሁትን ብቻ አስቀመጥኩ። አስተናጋጇ ሳትጠራ መጥታ፣ «እትዬ» አለች። ስማቸውን ጻፈች።

እትዬ ዘይነባ ሥዕሉን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሰብሰብ አደረጉ። «ይቺስ ወልዳለች» አሉ። መንገዱን ተሻግሬ አለቀስኩ፤ ፈተናውን ከወደቅሁ ወዲህ ሁለተኛዬ ነው፣ ይሄኛው ግን የደስታ ነበር።

ሰኞ፣ አዲስ አበባና ቤት

እሑድ ከሰዓት አውቶቡሱ አዳማን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ አልወረድኩም። ሰኞ ጠዋት መምህሬ ጠረጴዛ ላይ ስድስቱን ደረደርኩ። አንድ በአንድ ጀርባቸውን ገለበጠ። የአውራ ጣቱ አሻራ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄን ማን ፈረመው?»

«አፍንጫውን የሰበረችው እህቱ ናት።»

ሥዕሉን መልሶ ገለበጠና አፍንጫውን አየ፤ ደግሞ ጀርባውን። መነጽሩን አወለቀ። «እነዚህ ስድስት እናት አላቸው» አለ፤ «አልፈሻል። ወረቀቱን ከየት አገኘሽው?»

«ከአባቴ ሱቅ» አልኩ። እንዲህ ኮርቼ ተናግሬው አላውቅም።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን አዳማ ገባሁ። አባቴ የፀጉር ቤት ታፔላ እየጨረሰ ነበር፤ ጎረምሳው እንደለመደው በዚያ አፍንጫው ይስቃል። አልፌአለሁ አልኩት። ብሩሹን ጋዝ ውስጥ ነክሮ ሥዕሎቹን ተቀበለ፤ ከፊቶቹ በፊት ወረቀቱን በጣቱ ዳሰሰ። «የኔ ወረቀት ነው» አለ፣ ለራሱ። ከዚያ ፊቶቹን አየ፤ አንዱን አንስቶ ሌላውን ሲያስቀምጥ ጊዜ ወሰደበት። «እኔንስ መቼ ነው?»

የቀለም ቆርቆሮ ላይ አስቀመጥኩት። ከሰሉን ሳላነሳ ብዙ አየሁት። ያን ቀጥ ያለ አፍንጫ ከእሱ የወረስኩት ይመስለኝ ነበር። የአባቴ አፍንጫ ግን አጭር ነው፤ ጫፉ ሰፊ፣ መነጽሩ የሚያርፍበት ላይ ሁለት ጉድጓድ ያለው። ሃያ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ ያየሁት ያን ቀን ነው። ስጨርስ ወረቀቱን ይዤ አጠገባችን ያለው ፀጉር ቤት ሮጥኩ፤ ፀጉር አስተካካዩ የያዘውን መቀስ አስቀምጦ፣ ማን እንደሆነ ሳልጠይቀው፣ የአባቴን ስም ከጀርባው ጻፈልኝ።