ከባጃጇ ጀርባ የተጻፈው «ሃርድሊ»

መስዑድ ጭሮ ውስጥ ዓመታት የሰው ባጃጅ ሲነዳ ኖሮ የራሱን በገዛ ሰሞን፣ ከኋላዋ ምን እንደሚያስጽፍ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። ጓደኞቹ የኳስ ቡድን ስም ያስጽፋሉ። እሱ ግን ጠንካራ ሠራተኛ መሆኑን በእንግሊዝኛ መናገር አማረው። ተማሪ ሳለ «ስሎው» ላይ «ሊ» ሲጨመር «ስሎውሊ» እንደሚሆን ሰምቷል፤ እንግዲያው «ሃርድ»ም «ሃርድሊ» ይሆናል ብሎ ቆረጠ። ማስታወቂያ ጸሐፊው ጎበዜም «አይ ወርክ ሃርድሊ» ብሎ በቢጫ ቀለም አሳምሮ ጻፈለት።

በጽሑፉ እየኮራ ከመናኸሪያ ገበያ ሲመላለስ ከረመ። አንድ ጠዋት ድሮ እንግሊዝኛ ያስተማሩት ቲቸር ሳህሊቱ ተሳፈሩ። ከኋላ አንብበው ኖሮ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይስቃሉ። መስዑድ በመስታወቱ አይቷቸው ምን እንዳሳቃቸው ጠየቀ።

«መስዑድ፣ ሥራ ትጠላለህ እንዴ?» አሉት።

እሱ ጎህ ሳይቀድ ከቤት እንደሚወጣ ነገራቸው። እሳቸውም «ሃርድ» እንደ ስሎው «ሊ» እንደማይፈልግ፣ «ሃርድሊ» ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ቃል እንደሆነ አስረዱት።

«ሚኤሶ ላይ ሃርድ ዘነበ ካልን ጎርፍ ነው። ሃርድሊ ዘነበ ካልን ግን፣ ከመዝነቡ አለመዝነቡ ያይላል።»

መስዑድ ባጃጇን ዳር አስይዞ አቆመ። «ታዲያ እኔ ከተማውን እየዞርኩ ሥራ እምብዛም አልነካም እያልኩ ነው?»

«እንደዚያ ነው የሚነበበው።»

ባለፈው ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ባጃጇን ፎቶ ሲያነሱ፣ አጠገቧ ቆሞ በኩራት ፈገግ ማለቱ ትዝ አለው። ፊቱ በእፍረት ጋለ፤ ወዲያው ግን ሳቁ አሸነፈው።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ገብቶ፣ ታዝንልኛለች ብሎ ለሚስቱ ለሱመያ አጫወታት። እሷ እስኪጨርስ ሰምታው፣ ጽሑፉን እንዳያስነካው መከረችው።

«ለመንገዱ ውሸት ነው፤ ለቤቱ ግን ልክ ነው» አለችው።

መስዑድ በሩ ላይ ወዳለው ሳፋ ዞረ። ውስጡ የተከመረውን ያልታጠበ የልጆች ልብስ አየና የባጃጇን ቁልፍ አንስቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ጎበዜ ዘንድ ሄደ። ጎበዜ «ሊ» የመጨመር ሕግ ሕግ ነው፣ ቃሉም ከተቆረጠ ውበቱ ይጠፋል ብሎ ሲከራከር ቆይቶ፣ በመጨረሻ «ሊ»ን በሰማያዊ ቀለም ሸፈነለት። ቀለሙ ከባጃጇ ሰማያዊ ትንሽ ጠቆር ስላለ፣ አስተውሎ ላየው የፊደሎቹ ጥላ አሁንም ይታያል። ተራ የሚጠብቁት ሹፌሮችም ነገሩን ሰምተው ኖሮ ስሙን ትተው «ሃርድሊ» ይሉት ጀመር። እሱም አቤት ይላል።

አርብ ከጁምዓ ሲመለስ እጅጌውን ሰብስቦ ሳፋው አጠገብ ተቀመጠ። ጎረቤታቸው ሀዲያ በአጥር አሻግራ አይታው፣ ባልሽን አሞታል እንዴ ብላ ሱመያን ጠየቀቻት። መስዑድ ልብሱን ሲጨምቅ ውኃው ሱሪው ላይ ይወርዳል። ሱመያ እየሳቀች ቁጢጥ አለችና አንዱን ጫፍ ይዛ አጨማመቁን አሳየችው።