ኮምፒውተር አጎዛ ላይ የፈታሁ ቀን

የቆዳና የሌጦ ነጋዴ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ ደባርቅ ገበያ ነው። ገበያ ሰርተፍኬት አይሰጥም እንጂ እርማት ላይ ጎበዝ ነው፤ የተሳሳትህበትን በዚያው ቀን ያሳይሃል። እኔም አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተር አበላሽቼ በማግስቱ እሑድ አቃንቻለሁ። ያበላሸሁትም ያቃናሁትም እኔው ስለሆንሁ ወቀሳውም ምስጋናውም የኔ ነው። ባለቤቴ ግን ምስጋናውን እኩል መካፈል አለብን ትላለች። ወቀሳውን አልጠየቀችም።

ጊዜው ሚሌኒየሙ ሊብት ስምንት ወር ያህል ሲቀረው ነው። ባለቤቴ ድሮ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ከዚያ ወጥታ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ገዛችና ሳሎናችን ውስጥ አስቀምጣ ማመልከቻ መጻፍ ጀመረች። ከአምቢኮ ድረስ በእግሩ የመጣ ገበሬ የድንበር ክርክሩን ከአያቱ ጀምሮ ሲያወራላት ይውላል። እሷ ሳታቋርጠው ታዳምጥና ግማሽ ገጽ አድርጋ ታወጣለታለች። ስታነብለት ደግሞ፣ «አዎ፣ ይኸው ነው፤ እኔም ያልሁት ይህንኑ ነው» ይላል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፈተና ግን እስከዚያ ዓመት ድረስ የሚጻፈው ጎንደር ነበር። ይህ ነገር ሲከነክናት ኖሮ፣ አንድ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደች። ሰውየው ሁለት ነገር ጠየቋት። አንደኛ፣ ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰኞ ጠዋት ታትሞ እንዲደርስ። ሁለተኛ፣ ከቤቷ እንዳይወጣ፤ ፍሎፒ ላይም ቢሆን እንዳይገለበጥ።

«ወይዘሮ፣ ይህ የስንት ልጆች ዕድል ነው» አሏት።

«ቤቴ ሁለት በር የለውም» አለቻቸው።

ሥራውን አገኘች። የዘጠኝ ትምህርት ፈተና በሦስት ሳምንት ጻፈች፤ አንዱን በጨረሰች ቁጥር የመምህሩን የእጅ ጽሑፍ በፖስታ አሽጋ ለራሱ ትመልሳለች። ስለዚህ ተጽፎ ያለቀው ፈተና በዓለም ላይ ያለው እዚያች የኮምፒውተር ሳጥን ውስጥ ብቻ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

ማሽኑ ዘገምተኛ ነበር። ሥዕል ያለበት የፊዚክስ ገጽ ሲገለጥ ቆሞ ያስባል። «ይኼ ነገር እንደ ሽማግሌ ነው፤ ስታዘው መጀመሪያ ይስላል» ትላለች። ጎንደር የኮምፒውተር ጥገና የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ፣ ራም የሚባል ነገር ቢጨመርበት እንደሚፈጥን ነግሮኝ ነበር። አርብ ዕለት ሌጦ ላስረክብ ጎንደር ወርጄ አንድ የዕቃ መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ በእጄ የያዝሁትን ነጭ አጎዛ አየና ለእናቱ መቀመጫ ፈለገው። ራሙን በአጎዛው ለወጥነው። አጎዛው ከጭራው በኩል ትንሽ ስፌት ነበረበት፤ ራሙም አዲስ አልነበረም። ሁለታችንም ጥርስ የማያሳይ ሳቅ ስቀን ተለያየን።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ለቅሶ ልትደርስ ዳባት ሄደች። ስትወጣ፣ «እስክመለስ እንዳትነካው» አለች። ሰው አትንካ ያለኝን ሁሉ አልነካም፤ ይህን ግን ነካሁ። ስትመለስ እንደ ሰጋር በቅሎ የሚፈጥን ማሽን አግኝታ እንድትደነቅ ነበር ሐሳቤ።

የሳሎናችን ወለል ሲሚንቶ ነው። የደባርቅን የጥር ብርድ የሚያውቅ ሰው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ምንም የከበረ ነገር አያስቀምጥም። እንግዳ ሲመጣ የምናነጥፈውን፣ ጠጉሩ ረጅሙን የጊች ደጋ በግ አጎዛ አወጣሁና ኮምፒውተሩን እላዩ ላይ አጋደምሁት። አክብሬው ነው። ብሎኑን በቢላ ጫፍ ፈታሁ። አዲሱ ራም የመጣበትን ብርማ ላስቲክ የከረሜላ ልባስ መስሎኝ ወዲያ ጣልሁት። አሮጌውንም ነቀልሁና ሁለቱን አጎዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው፤ ሁለት ሌጦ ሲቀርብልኝ እንደማደርገው እያገላበጥሁ አወዳደርኋቸው። ከዚያ ሁለቱንም ቦታቸው ላይ ጫን፣ ጫን አደረግሁ። ቀጭ አሉ። ክዳኑን ገጥሜ አበራሁት።

መብራቱ በራ። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ግን እንደ ምጣድ ጠቁሮ ቀረ። ሳጥኑም ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ማልቀስ ጀመረ።

አዲሱን አውጥቼ አሮጌውን ብቻ አስገባሁ። ጢጥ። አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን ብቻ። ጢጥ። በቅሎ አዲስ ጭነት ጠልታ ብትተኛ ጭነቱን ስታወርድላት ትነሣለች። ይኼኛው ጭነቱ ወርዶለትም አልነሣም።

ባለቤቴ ገና ከበሩ ድምፁን ሰማች።

«ምን አደረግኸው?»

«ላፈጥነው ብዬ ነው።»

«አፈጠንኸው! ሞት ድረስ አፈጠንኸው!»

ወንድሟ ዘንድ ደወልን። ቀድሜ ያነጋገርሁት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ አሮጌው ብቻውን ሲገባስ?»

«እሱም ያው ያለቅሳል።»

«እንግዲያው ራሙ አይደለም። ማዘርቦርዱ ሄዷል። ነገ ጎንደር ይዛችሁልኝ ኑ፤ ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ ሌላ ማሽን ላይ እከፍተዋለሁ።»

ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «አይወጣም» አለች።

«እህቴ፣ ማን ያየዋል ብለሽ ነው?»

«ያንተ ሱቅ ተማሪ ሲገባ ሲወጣ የሚውልበት ነው። ከቤቴ አይወጣም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ያበላሸው ሰው እዚሁ ቤት አለ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተነሣ፣ ምክትሉ ቤት ሄጄ አልቻልሁም እላቸዋለሁ። ፈተናው እንደገና ጎንደር ይሄዳል። እኔም ለዘላለሙ የድንበር ክርክር ስጽፍ እኖራለሁ» አለች። ይህን ብላ አጎዛውን ከመሬት አንሥታ፣ አራግፋ፣ አልጋ ላይ አነጠፈችው። አጎዛው ሲራገፍ ጠጉሩ ብን ሲል አይቻለሁ። አይቼ ግን አላስተዋልሁም።

እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ልቤ እዚያች ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ። ድንገት አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። በወጣትነቴ ተቀጥሬ የምሠራላቸው ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። አንድ ጊዜ ከአዲ አርቃይ የመጣ ጭነት ጠጉሩ በእጅ ሲነካ እፍኝ እፍኝ ይረግፋል። እኛ ሌጦውን አንድ በአንድ እያነሣን፣ በጉ ታሞ ነው፣ ጨው አንሶት ነው፣ እንባባላለን። ሽማግሌው መጡና፣ «ትናንት ደኅና የነበረን ሌጦ ዛሬ ምን ሆንህ ብለህ አትጠይቀው። የተነጠፈበትን ጠይቅ» አሉ። መጋዘኑን ብናይ፣ ለካ ወለሉ ላይ ግንበኞች ያፈሰሱት ኖራ ኖሯል። ኖራ ደግሞ ጠጉር ይነቅላል።

አሮጌው ራም አርብ ደኅና ነበር። የሚገባበት ቦታም አርብ ደኅና ነበር። ቅዳሜ የተለወጠው ነገር ቢኖር የተኙበት ነው።

ቅዳሴውን አቋርጦ ወጣ እንዳልባል እስከ ፍጻሜው ቆምሁ። ከዚያ በኋላ ግን እንደ አረማመዴ ከሆነ ያየኝ ሁሉ ቤቱ ተቃጥሎበታል ሳይል አልቀረም።

አሮጌውን ራም ነቅዬ በሩ ላይ ፀሐይ አሳየሁት። ምንም የለም። ዓይኔን ጨፈንሁ። እኔ ጠጉር ውስጥ የተደበቀ እከክ በጣቴ የማገኝ ሰው ነኝ፤ ዓይን ሊሸነገል ይችላል፣ ጣት ግን እንጀራዬ ነው። በራሙ ጠርዝ በተደረደሩት ወርቃማ ጥርሶች ላይ ጣቴን ቀስ አድርጌ ሳስኬድ፣ አንድ ቦታ ላይ ቀጭን ነገር እንደ ማንሸራተት አለኝ። እዚያው ይዤ ዓይኔን ገለጥሁ። ነጭ ክር የመሰለች ነገር በጥርሶቹ ላይ አግድም ተለጥፋለች።

«ነዪ እስቲ እዪልኝ!»

መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። «ጠጉር ነው?»

«የበግ ጠጉር ነው። የጊች በግ።»

«የየት አገር በግ እንደሆነም አወቅኸው?»

«ርዝመቱን አታዪውም እንዴ!»

ሳቋ መጣ፤ ነገር ግን ገና አልታረቀችኝምና መልሳ ዋጠችው። ሳጥኑን በባትሪ ብርሃን አየነው። ራሙ በሚሰካበት ስንጥቅ ውስጥ ጠጉሩ ተጠቅጥቋል፤ ራሙን ስጭን ራሴ ነኝ የጠቀጠቅሁት። ቢላዬን አነሣሁ።

«ብረት አታስገባ!» ብላ ጮኸችና ወደ ጓዳ ሄደች። ስትመለስ የያዘችው ሹሩባ ስትሠራ ጠጉሯን የምትከፍልበትን የጃርት ወስፌ ነው። ሾጣጣ ነው፣ ልስልስ ነው፣ ብረትም አይደለም። አንድ ጎረምሳ ዲፕሎማ ይዞ ከአዲስ አበባ ቢመጣ ከዚያ የተሻለ መሣሪያ አያመጣም። ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር፣ የልጅ ጠጉር እንደምትከፍል አድርጋ፣ ቀስ እያለች ሄደችበት። የምስር ፍሬ የምታህል የጠጉር ድብልብል ወጣች። ሁለተኛውንም ስንጥቅ እንደዚያው። ቀጥላ የራሞቹን ጥርስ ከታይፕ ዘመኗ በቀረ ላጲስ አሸችው። ይህን ማንም አልነገራትም፤ የቆሸሸ ነገር ሲያይ እጁ ዝም የማይል ሰው ናት።

በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩን ያስተኛነው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አጎዛው ከሳሎን ተባሯል። ሁለቱንም ራም ሰካሁ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ገደማ ነበር። ነጠላዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ምክትሉ ቤት ለመሄድ ተዘጋጅታ አጠገቤ ቆማለች።

«አብራው» አለች።

«አንቺ አብሪው፤ የኔ እጅ ትናንት ታይቷል።»

ተጫነችው። ፋኑ ዞረ። አንዲት አጭር ጢጥ፤ ከዚያ ዝምታ፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ተንጠባጠበ።

አልተቃቀፍንም፤ እንደዚያ ያለ ልማድ የለንም። ነጠላዋን እንደለበሰች ተቀምጣ ዘጠኙንም ፈተና አንድ በአንድ ከፈተች። ሁሉም አለ። መጨረሻ ላይ ሥዕል ያለበትን የፊዚክስ ገጽ ገለጠች። ሳይስል ዱብ አለ። ዞር ብላ ሳታየኝ፣ «ፈጥኗል» አለች። ዲፕሎማ የለህም ለሚለኝ ሰው የማሳየው ይህንን ቃል ነው።

ፕሪንተሩ እስኪመሽ ሲንጫጫ ዋለ። መብራት ኃይልም አፍሮን ነው መሰል፣ ያን ቀን አልጠፋብንም።

ሰኞ ማለዳ ወንድሟ ደወለ።

«ጋሼ፣ ደስ ይበልህ፣ ማዘርቦርድ አገኘሁልህ!»

«አስቀምጠው። የኛው አልሞተም።»

«እንዴት ተነሣ? ምን ሆኖ ነበር?»

«በግ ገብቶበት ነው።»

«ምን?»

«አንተ ኮምፒውተር ተምረሃል፤ በግ ግን አልተማርህም» አልሁና ዘጋሁት። ዕድሜ ልኬን ከተናገርኋቸው ንግግሮች ይቺን ያህል የጣፈጠችኝ የለችም።

ከዚያ ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥሁ። ቅዳሜ ገበያ አልሸጥ ብሎት ዘመድ ቤት የሰነበተ አንድ የጊች ሰው ሌጦ ይዞ መጣ። ዋጋ መነጋገር እንደጀመርን ባለቤቴ በመንገዱ ላይ ብቅ አለች። ፈተናው የታሸገበትን ፖስታ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ሽቅብ ትሄዳለች። እኔንም አላየችኝ። ታቦት የያዘ ቄስ ለወዳጁ እጁን አያወዛውዝም።

«ማናት?» አለ ሰውየው፣ በዓይኑ እየተከተላት።

«የዚህ ከተማ ፈተና ጎንደር መሄድ የቀረው በሷ ነው» አልሁት።

«ታውቃታለህ እንዴ?»

«ባለቤቴ ናት።»

ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። አለመመጣጠናችን የገረመው ይመስላል። እኔም እስክትታጠፍ ድረስ ዓይኔን ሳልነቅል፣ የጠየቀኝን ከፍዬ ሌጦውን ሳላገላብጥ ተቀበልሁት። ነጋዴ ከሆንሁ ጀምሮ እንዲህ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በኋላ ስዘረጋው ሁለት ቀዳዳ አገኘሁበት። አልቆጨኝም።